መንገድ ጠያቂዋ

ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰውነቴ ግን የሬዲዮውን ሰዓት አልረሳም። ጎህ ሲቀድ ዓይኔ ይገለጣል። ጂንካ ገና በጉም እንደተሸፈነች፣ ከአሪ ተራራ የሚወርደው ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ፣ ጆሮዬን አቁሜ የማይመጣውን ድምፅ እጠብቃለሁ። «ጂንካ፣ ጂንካ፣ አዲስ አበባ ነው። ይሰማል? ኦቨር።» ባለቤቴ ማቴዎስ ይህን ዐመሌን ያውቃል። ዓይኑን ሳይገልጥ «ተኚ አስቴር፣ ዛሬ የጠራሽ የለም» ይለኛል። እተኛለሁ፤ ግማሽ ልቤ ግን እዚያው ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀራል።

የሥራ መደቤ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «ሬዲዮ ኦፕሬተር» ይላል። የከተማው ሰው «መንገድ ጠያቂዋ» ይለኝ ነበር፤ እውነቱም እሱ ነው። በየአገራቸው ያሉ ፈረንጆች ሐመርን ወይም ኦሞ ወንዝን ለማየት ሲያስቡ፣ ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት «ያ አገር ደህና ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ አንድ የጉዞ መሥሪያ ቤት ይገባል፤ ከዚያ በሬዲዮ እኔ ዘንድ ይደርሳል። እኔ ደግሞ የሃናን፣ የዲመካንና የኦሞራቴን ጣቢያ ጠርቼ መልሱን አስተላልፋለሁ። የእኔ «ደህና ነው» ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ሻንጣውን ያዘጋጃል። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ራሴ ከጂንካ ወጥቼ አላውቅም ነበር። ደመወዜ ሩቅ የሚያስኬድ አልነበረም፤ ስለ እሱ ይህችው ትበቃለች።

ያላየሁትን አገር በድምፁ ነበር የማውቀው። ኦሞራቴ ለእኔ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሰው ድምፅ ነበረች፤ ከበስተኋላው የሚሰማው ሿሿታ የሬዲዮው መሆኑን እያወቅሁ፣ ወንዙ ነው እያልኩ አዳምጠው ነበር። ሃና ዝምታዋ ይበዛል፤ ደጋግሜ ጠርቼ ተስፋ ስቆርጥ ከሩቅ «አለን» ትላለች። አዲስ አበባ ያለው ሰው ድምፁ ደረቅ ነበር። ስሙን ነግሮኝ አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። እሱ «ጂንካ» ይለኛል፣ እኔ «አዲስ አበባ» እለዋለሁ። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አካባቢው ለእንግዶች አስተማማኝ ነው? አዎ ወይም አይደለም በይኝ።» ብዙ ጊዜ በሕልሜም እነዚህ ድምፆች እየተጠራሩ ያድሩ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ጋልታ ነው። የአሪ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ሲናገር ቃሉን እየመረጠ የሚያወጣ። እኔ የተቀጠርኩት ንጉሡ በወረዱ ማግስት ነው። አለቆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ይቀየራል፤ ጋሽ ጋልታ ግን ያንኑ ካፖርት ለብሶ ያንኑ ወንበር ይዟል። ሬዲዮ ማለዳ ላይ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ፣ ፀሐይ ስትበረታ እንደሚቆላ ቆሎ እየተንጣጣ እንደሚያስቸግር፣ ቃል ሲጠፋብኝ ከመጮህ ይልቅ ቀስ ማለት እንደሚሻል ያሳየኝ እሱ ነው።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ በዚያን ጊዜ ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን የከብት ነው። አዲስ አበባ «ሜዳው ይቀበላል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ጋልታ ጫማውን ያወልቅና ማሰሪያውን አስሮ ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ከዚያ ጤዛውን እየረገጠ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ላሞቹ ቀና ብለው ያዩትና ተመልሰው ይግጣሉ። «ተረከዝ ከሰመጠ ጎማ ይሰምጣል» ይለኝ ነበር። እኔም ከእሱ በኋላ እስከ መጨረሻው ያንን ሜዳ በባዶ እግሬ ለክቼዋለሁ፤ እግሬ ስር ያለው ቅዝቃዜ አሁንም አለ።

ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነበር። በአልዱባ ገበያ ቀን የእህል ነጋዴ መኪና ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ እኔ ክፍሉን እጠብቃለሁ። አልዱባ የበና፣ የሐመር፣ የፀማይና የአሪ ሰው የሚገናኝበት ገበያ ነው። ሲመለስ ስለ መንገዱ ሁሉንም ያውቃል። አንድ ቀን፣ «ጋሽ ጋልታ፣ መንገዱ ደህና ነው ወይ ብለህ ማንን ነው የምትጠይቀው?» አልኩት።

«መንገድ አልጠይቅም» አለኝ። «እንግዳ ደህና ነው ወይ ካለ፣ ሰው ደህና ነው ይላል። ክፉ መናገር ነውር ነው። አንቺ የት አደርክ በይው። ማደሪያውን አይዋሽም።»

እያደር ገባኝ። ሐመሩ በና ካለው ወዳጁ ቤት አድሮ ከመጣ፣ በሁለቱ መካከል ነገር የለም። ወዳጁ ቤት እያለ ጫካ ካደረ ነገር አለ። በበጋ ከብት ጠባቂዎች ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ ውሃ የሚቆፍሩበት አሸዋ ላይ ካደሩ፣ በደጋው በኩል ስጋት የለም። ከአሸዋው ወጥተው ጉብታ ላይ ካደሩ ግን ሰማዩ ምንም ጥርት ቢል ወንዙን አለመሻገር ነው። ደጋ ላይ የዘነበ ውሃ፣ ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ይመጣል። ጋሽ ጋልታ ይህን ሁሉ ከአንዲት «የት አደርክ?» ያወጣዋል።

ማቴዎስን ያገባሁት በዚህ መካከል ነው። አባቱ ከወላይታ መጥቶ ጂንካ የቀረ አናጢ ነበር፤ እሱ ሹፌር ሆነ፤ እንግዶቹን በላንድሮቨር የሚያመላልሰውም እሱ ነው። ስለዚህ የእኔን ቃል ተከትለው ፈረንጆቹ ይመጣሉ፤ ቃሌን ይዞ መንገድ የሚገባው ግን ባሌ ነው። ለባዕድ የምጠይቅ ይመስለኝ የነበረውን መንገድ ካገባሁት ወዲህ ለራሴ ነበር የምጠይቀው። እሱ ደግሞ የጋሽ ጋልታን ጥያቄ መቀለጃ አደረገው። ጠዋት ገና ዓይኔን ስገልጥ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «የት አደርሽ?» ይለኛል። «አንተ ዘንድ» እለዋለሁ። «እንግዲያው መንገዱ ሰላም ነው» ብሎ ብቻውን ይስቃል። በየቀኑ ነው እንግዲህ፤ የማይሰለቸው ሰው።

ጋሽ ጋልታ ጡረታ ወጥቶ ተራራው ላይ ወዳለው እንሰቱና ቡናው ሲመለስ፣ እኔ ክፍሉን ትቼ አልዱባ መሄድ አልቻልኩም። በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ከወደዚያ የሚመጡትን እየጠበቅሁ እጠይቅ ጀመር። በዚያው ሰሞን አዲስ ኃላፊ መጣልን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ሥራ ሲያድር የሚያመው። ለአዲስ አበባ «ቅዳሜ እመልሳለሁ» ስል ሰማኝና፣ «ጓድ አስቴር፣ መንግሥት ሬዲዮ የገዛልሽ ገበያ እንድትወጪ ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ፈረንጆች አዲስ አበባ ደርሰው መልስ እየጠበቁ ነበር። ኃላፊው ራሴ ላይ ቆሟል፤ ቅዳሜ ሩቅ ነው። ዲመካን ጠራሁ። «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነገርም የለም» አለኝ። ያየውን ነው የተናገረው። እኔም ለአዲስ አበባ «አዎ» አልኩ። ማቴዎስ እንግዶቹን ከሜዳው ተቀብሎ ሲነሣ ወደ መኪናው መስኮት ጠጋ ብዬ «የት ታድራለህ?» አልኩት። «አንቺ ደህና ካልሽበት» ብሎኝ ሄደ።

በዚያ ሳምንት በደጋው በኩል ዘንቦ ነበር። የዚያው ደመና ጭራ በእኔም ቆርቆሮ ላይ ወርዶ ነበር፤ ድምፁ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ ወስዶኛል። ያ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አላሰብኩም። እንግዶቹ ከዲመካ ማዶ ያለውን ደረቅ ወንዝ ሲያዩ፣ ነጩ አሸዋና በዳሩ የቆሙት ትልልቅ ዛፎች ማርከዋቸው፣ ድንኳናቸው እዚያው አሸዋው ላይ እንዲተከል ጠየቁ። ከብት ጠባቂዎቹ ሁሉ ጉብታው ላይ ወጥተው ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጠብታ ሳይወርድ፣ ውሃው መጣ። ማቴዎስ ሚስቲቱን አዝሎ፣ ባልየውን ጎትቶ ወደ ዲመካ በኩል ካለው ዳር አወጣቸው፤ መኪናውን ለማውጣት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አላዩትም።

ፖሊሶች ባልና ሚስቱን ጂንካ አመጧቸው። ሴትዮዋ እጄን ይዛ ብዙ ተናገረች፤ ቋንቋዋን ባልሰማም እጇ ውሃውን ያሳየኝ ነበር። ፖሊሶቹ ወንዙን ተከትለው ወርደው ጎማ እንጂ ሰው አላገኙም። በየማለዳው ዲመካን እጠራለሁ፤ «አልታየም» ይሉኛል። እንግዶች ሲጠይቁኝ ሁሉም ነገር ደህና የነበረበት ሬዲዮ፣ እኔ ስጠይቅ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው።

ጎረቤት ለለቅሶ መሰብሰብ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያናችንን በዚያን ዘመን መንግሥት አሽጎት ስለነበር፣ የማኅበራችን ሴቶች ቤቴ መጥተው በለሆሳስ ይዘምራሉ። ኃላፊው ሳይቀር መጣ፤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ተቀመጠ። ጋሽ ጋልታ ዱላውን ይዞ ከተራራው የወረደው ያን ዕለት ነው። በር ላይ ቆሞ ሰዉን አየና «ሬሳ ያየ አለ?» አለ። «እንግዲያ ማንን ነው የምታለቅሱት?» አለ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ወደ እኔ ዞሮም «ተነሺ። ነገ አልዱባ ነው» አለኝ።

ከጂንካ መጀመሪያ የወጣሁት እንዲህ ነው፤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ። መንገዱ ቀይ፣ ሰማዩ ሰፊ ነበር፤ በድምፅ ብቻ የማውቀው አገር በዓይኔ ፊት ሲዘረጋ፣ ባሌን ፍለጋ የምሄድ መሆኔ ትዝ ባይለኝ ኖሮ ሕልም ላይ ነኝ እል ነበር። አልዱባ ስንደርስ ጋሽ ጋልታ ከሐመር የሚመጣው ዱካ ገበያው ውስጥ የሚገባበትን ቦታ መርጦ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሴቶቹ ጠጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ተቀብተው፣ ቅላቸውን አንጠልጥለው እየተከታተሉ ይመጣሉ። እኔ እየሮጥሁ ፊታቸው ላይ «ባሌን አይታችኋል?» ልል ስነሣ፣ ክንዴን ያዘኝ።

«እንደዚያ ካልሽ ደህና ነው ይሉሻል» አለኝ። «በተከፋ ሰው ፊት ክፉ አይናገሩም። ተቀመጪ።»

በቋንቋቸው እየጠራ፣ ስለ ፍየልና ስለ ልጅ እየጠየቀ፣ በመካከሉ ያቺን ጥያቄ ጣል ያደርጋል። አንዱ አጎቱ ቤት አድሯል። አንዷ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ አድራለች። ሌላው የሚስቱ ወንድም ቤት። ጋሽ ጋልታ እያንዳንዱን ይተረጉምልኛል። እኔም ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ ያ ባዶ ይመስለኝ የነበረው አገር ቤት በቤት እየበራ መጣ። ሰው ያላደረበት ስፍራ የሌለ መሰለኝ። ከዚህ ሁሉ ቤት አንዱ ለምን አይሆንም አልኩ፤ ተስፋ ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ኦይታ የምትባል ሸምገል ያለች የሐመር ሴት መጣች። ማር ይዛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። የት አደርሽ አላት። ያገባች ልጇ ቤት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ታች በኩል ማደሯን ነገረችው። ከዚያም እጇን እያወናጨፈች ረዘም አድርጋ አወራች፤ ጋሽ ጋልታ መተርጎሙን ተወ። ጎኑን ነካሁት።

«እንቅልፍ አልተኛሁም ትላለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቤቱ ውስጥ እግሩ የተሰበረ ሰው አለ። የሐመር ሰው አይደለም። ሲያመው ያድራል። ሲነጋ ግን በኛው ቋንቋ የቤቱን ሴት የት አደርሽ ይላታል፣ ብቻውን ይስቃል። ራሱንም ውሃው መትቶታል መሰለኝ ትላለች።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተንበረከክሁ። ኦይታ ደንግጣ ማሯን ወደ ጎን አደረገችና፣ ማን እንደሆንኩ ስትሰማ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ቅቤ ቅቤ ይላል።

ጋሽ ጋልታ ዕድሜው አላስኬድ ብሎት ከዚያ ተመለሰ፤ እኔ ኦይታን ተከትዬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ዘመዷ ቤት አሳደረችኝ፤ በማግስቱ ወንዙን ተሻገርን። ውሃው ሄዷል፤ አሸዋው ረጥቦ፣ ለስላሳ ሆኖ፣ ልክ እንደ ጂንካ ሜዳ እግሬን ያቀዘቅዘው ነበር። ተረከዜ አልሰመጠም። ቤቱ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ማቴዎስ ቆዳ ላይ ተጋድሟል፤ እግሩን በእንጨት አስረውለታል፤ ፊቱ ከስቷል። አየኝ። ሰላምታ አልሰጠኝም፣ ስሜንም አልጠራም።

«የት አደርሽ?» አለኝ።

አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ እሱም አለቀሰ፤ የቤቱ እመቤት ወተት ይዛ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ለምን እንዳስጠጉት ኋላ ቋንቋቸውን በሚሞክረው በማቴዎስ በኩል ሳስጠይቅ፣ የቤቱ አባወራ ጥያቄው የገረመው ይመስል ነበር። «ደጃችን ድረስ ተንፏቆ መጣ፤ አደረ። ያደረ ሰው የኛ ነው» አለ። የዚያን ዕለት ከማቴዎስ ጎን፣ ያው ቆዳ ላይ ተኛሁ። ሲነጋ ቀድሜው ነቃሁና ዓይኑን እስኪገልጥ ጠብቄ «አንተ ዘንድ» አልኩት።

እግሩ ተጠገነ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም፤ ወደ አባቱ የእንጨት ሥራ ተመለሰ። የሐመሮቹ ቤተሰብ ጂንካ ሲመጡ ከእኛ ቤት ሌላ አያውቁም። ኃላፊያችን ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ብቅ እያለ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ሰዎቹ የት አደሩ?» ይል ጀመር። አዲስ አበባም አዎ ወይም አይደለም ማለቱን ባይተውም፣ «ቅዳሜ እነግርሃለሁ» ስለው መጠበቅ ለመደ። አንዳንዱን እንግዳ አስቀረሁ፣ አብዛኛውን አስመጣሁ። ሁሉም በደህና ተመለሱ፤ ይህን ስጽፍ እኮራለሁ።

መንግሥት ሊለወጥ ሰሞን እንግዳ የሚባል ጠፋ። ሬዲዮው የሚያወራው ስለ ጦር ብቻ ነበር፤ ከዚያም እየሳሳ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ ተዘጋና መዝገብ ቤት አዛወሩኝ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያ ነው። ከመዘጋቱ በፊት ግን አንድ ማለዳ ያ ደረቅ ድምፅ ጠራኝ።

«ጂንካ፣ ዛሬ ስለ እንግዶች አይደለም» አለኝ። ቀጥሎም «ስሜ ጌታቸው ነው። ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ከከተማው መውጣት ፈልጌ ነበር። በዚያ በኩል የማውቀው ሰው የለኝም፤ ያንቺን ድምፅ ነው የማውቀው። አካባቢው…» ብሎ የዘወትር ጥያቄውን መጨረስ አቃተው።

«አቶ ጌታቸው፣ እኛ ቤት ታድራላችሁ» አልኩት። «ኦቨር» ማለቴን አላስታውስም።

ከብዙ ቀን በኋላ በእህል መኪና መጡ። ረጅም ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አጭር ነው። ሚስቱ አቧራ ለብሳ፣ ትንሿን ልጅ አቅፋ ወረደችና፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ይዛው የመጣችውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «እዚህ ደህና ነው?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ መልስ ስሰጥ ኖሬ፣ ያን ዕለት ግን ጓዟን ተቀበልኳት። ማቴዎስ እያነከሰ ወጥቶ ልጅቷን ተቀበላትና ይዟት ገባ፤ እኛም ተከተልነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዴ ነቃሁ። ብወጣ አቶ ጌታቸው ጉሙ ውስጥ ግቢው መሀል ቆሟል፤ ለካ እሱንም የሬዲዮው ሰዓት ቀስቅሶታል። ያለ ሬዲዮ እንዴት እንደምንነጋገር አናውቅም ነበር።

«የት አደራችሁ?» አልኩት።

«እናንተ ቤት» አለኝ፤ ድምፁ ደረቅ አልነበረም።